ጨው የቀመሰው ምንሽር

ልጅ ሳለሁ አያቴ ተረት የሚነግረኝ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ብቻ ነበር። ቀን ተረት ያወራ ሰው ፍየሎቹ መንገድ ይስታሉ ይል ነበር፤ እኛ ደግሞ ስድስት ፍየሎች ስለነበሩን ነገሩን እንደ ቀልድ አናየውም። ገዋኔ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ሙቀቱ አብሯት አይጠልቅም። መሬቱ ቀን የጠጣውን ሲተፋ ያመሻል። ስለዚህ እናቴ ከሻይ ቤቷ ጀርባ ባለው ጓሮ፣ በሰሌን አጥር በተከለለው፣ ውሃ ረጭታ ምንጣፍ ታነጥፍልን ነበር። ከፊት ለፊት የአሰብ መኪኖች ቆመው ሾፌሮቹ ሻይ ይጠጣሉ፣ ሬዲዮው ይጮኻል። ከኋላ እኔና አያቴ፣ አንድ ፋኖስ፣ ከሰሉ ሊከስም የደረሰ አንድ ምድጃ፣ የፍየሎቹ ሽታ። ያኔ ዓለም ማለት ይኼው ይመስለኝ ነበር፤ ይበቃኝም ነበር።

አያቴ ይመር ይባላል፤ የእናቴ አባት ነው። እኔ «አባዬ» ነበር የምለው። የባቲ ሰው ነው። በወጣትነቱ ማሽላ በአህያ እየጫነ ወደ ቆላ ሲወርድ ሲወጣ፣ አንድ ቀን ወርዶ ቀረ። ቁጡ ነበር፤ ቁጣው ግን የአፍ ነው፣ እጁ ልጅ ነክቶ አያውቅም። እኔን «አንቺ ጣጠኛ» ነበር የሚለኝ። በእሱ አፍ «ጣጠኛ» ማለት «የዓይኔ ብርሃን» ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዘሀራ ብሎ በስሜ የጠራኝ ቀን ነው የምደነግጠው።

የማወራው ስለ አንድ ሳምንት ነው። የደርግ ዘመን ነበር፣ እኔም ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሆኖኛል። አንድ የገበያ ቀን አያቴ ሽንኩርት ሊገዛ ወጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ሽንኩርቱስ አባ?» አለችው እናቴ።

«ሁመድ መጥቷል» አላት።

«ምን? የት አለ?»

«አዳይቱ ደርሷል። በአምስት ስድስት ቀን ውስጥ እዚህ ይገባል። ዳጉ ነው የሰማሁት።»

አገሩን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ዳጉ የአፋር ወሬ ነው፤ ግን ወሬ ብቻ ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ከተገናኙ ቁጭ ይላሉ፤ አንዱ የሚያውቀውን አንድ በአንድ ይናገራል፣ ሌላው አያቋርጥም። ከዚያ «ያየኸው ነው የሰማኸው?» ብሎ ይጠይቃል። ያየውን ያየሁ፣ የሰማውን የሰማሁ ማለት አለበት። አንድ ጊዜ ውሸት የጨመረበት ሰው ከዚያ በኋላ ቢለፈልፍ ቁጭ ብሎ የሚሰማው አያገኝም። ዳጉ ሁመድ መጣ ካለ ሁመድ መጥቷል ማለት ነው።

እናቴ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «ያረቢ! ያ ነገርስ?» አለች፣ ድምጿን ቀንሳ።

የአያቴ ዓይን ወደ ፍየሎቹ በረት ሄደ።

ያ ነገር ምን እንደሆነ ያወቅኩት የዚያኑ ዕለት ነው። ሁመድ የአያቴ ወዳጅ ነበር። አያቴ ገና ጎረምሳ ሳለ ወባ መንገድ ላይ ጥሎት፣ አህዮቹ ከነጭነታቸው ተበትነው፣ ሁመድ ነው በግመል ጭኖ ቤቱ የወሰደው። አንድ ወር ሙሉ የግመል ወተት እያጠጣ አዳነው። አህዮቹንም አስፈልጎ ሰበሰበ፤ ማሽላውንም መለሰለት። አያቴ ይህን ታሪክ ሲያወራ መጨረሻው ላይ አንድ ጣቱን ያነሳል፤ «አንድ ፍሬ ሳያጎድል!» ይላል። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም፤ ጣቱን ሳያነሳ ብሎት ግን አያውቅም።

በደርግ መጀመሪያ አካባቢ በታችኛው አዋሽ ረብሻ ሲነሳ ሁመድ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ። የአባቱን ምንሽር ጠመንጃ ይዞ ድንበር ማለፍ አልሆነለትም፤ ለመንግሥት ማስረከብም ሞቱ ነው። ለአያቴ ሰጠው። «እስክመጣ» አለው፤ ሌላ ቃል አልተናገረም። አያቴ «በየረመዳኑ አውጥቼ እወለውለዋለሁ፣ ወላሂ» ብሎ ማለለት። ብዙም ሳይቆይ ቀበሌው ያልተመዘገበ መሣሪያ እየፈለገ ቤት ለቤት ይዞር ጀመር። አያቴ ፈራ። ምንሽሩን በሸራ ጠቅልሎ ሰው በማይጠረጥረው ቦታ ቀበረው፤ ፍየል በረት ውስጥ፣ ፍግ ሥር። ስድስት ረመዳን አለፈ። አንድም ቀን አላወጣውም።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ፍየሎቹን አስወጥቶ ቆፈረ፤ ፋኖሱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሸራው በስብሶ በእጁ ላይ ተበጣጠሰ። የፍየል ሽንት ስድስት ዓመት ሙሉ ሲወርድበት ኖሮ እንጨቱ ጠቁሯል፣ ብረቱ ቅርፊት አውጥቷል። መዝጊያው አልከፈት ብሎት ጋዝ እያፈሰሰ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያለ እየመታ በስንት መከራ አወጣው። ከዚያ አፈሙዙን ወደ ፋኖሱ አዙሮ በአንድ ዓይኑ አጮለቀ። ለእኔ አቀበለኝ።

«አንቺ ዓይንሽ ደህና ነው። ምን ይታይሻል?»

«ምንም።»

«ብርሃን የለም?»

«ድፍን ነው አባዬ።»

ፍጉ ላይ ቁጭ አለ። «እሱ አንድ ፍሬ አላጎደለም» አለ። ጣቱን አላነሳም። አያቴን ያን ያህል አንሶ አይቼው አላውቅም ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ ከመግሪብ እስከ ማታው ዒሻ ሶላት ሥራችን ይኼው ሆነ። የጠመንጃው የራሱ መወልወያ ጠፍቷል። አያቴ ብረት ዘንግ ውስጡን ይፍቀዋል ብሎ ከወንዙ ዳር ቀጥ ያለ ቀጭን እንጨት ቆርጦ አለሰለሰ። ለጨርቁ አሮጌ ሽርጡን ቀደደ። የአፈሙዙን ጫፍ በቡሽ ደፍኖ ከላይ ጋዝ ሞላበት፤ ከዚያም የቤቱ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ምንጣፉ ላይ ተጋደመ።

«አሁንስ?» አልኩት።

«አሁንማ ይጠጣል። ጥቀርሻ ሲቸኩሉበት ይጠነክራል። ነይ፣ ተረት ልንገርሽ።» ከዚያ ድምጹን ከፍ አድርጎ «ተረት ተረት!» አለ።

«የላም በረት!» አልኩ።

«ጮክ በይ እንጂ! ምን እንደ ታመመች ዶሮ ትንጫጪያለሽ!»

ለምን ጩኺ እንደሚለኝ ያኔ አልገባኝም። በኋላ ነው የገባኝ፤ ዘንጉ አፈሙዝ ውስጥ ሲመላለስ የሚያወጣው ድምፅ ከአጥሩ ውጭ እንዳይሰማ ነው። አብዮት ጠባቂዎቹ በዚያ በኩል ያልፉ ነበር። አያትና የልጅ ልጅ ተረት ሲያወሩ ግን ማን ቆሞ ይጠይቃል?

ተረቱ የሰጎንና የኤሊ ነበር። ድርቅ ሆነና ሰጎን ወደ ሩቅ አገር ልትሄድ ተነሳች። ልጆቿ ተፈልፍለው አንድ እንቁላል ብቻ ሳይፈለፈል ቀርቷል፤ ይዛው መሮጥ አትችልም። ወዳጇ ኤሊ ዘንድ ሄዳ «እስክመጣ» አለቻት። ኤሊም «በየጊዜው ፀሐይ አሞቅልሻለሁ» ብላ ተቀበለች። ሰጎን ከሄደች በኋላ ቀበሮ እንቁላል ያለው እያለ በየቤቱ ይዞር ጀመር። ኤሊ ፈራች። አሸዋ ቆፍራ፣ ጥልቅ አድርጋ ቀበረችው።

«ፀሐይስ አሞቀችው?» አልኩ።

«አላሞቀችውም።»

«ብላ አልነበር?»

«ብላ ነበር። ፈራቻ! አንቺ ቀበሮ በር ላይ መጥቶ ሲያንኳኳ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» ተቆጣ።

«እሺ፤ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዝናብ ዘነበ፣ አገር ለመለመ፣ ሰጎን ተመልሳ መጣች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጋዙ ጠጥቷል። ዘንጉን አቀብዪኝ።»

እሱ ተረቱን እንደገና ከመጀመሪያው ጮክ ብሎ እያወራ ከላይ ይገፋል፣ እኔ ጨርቁ በታች ብቅ ሲል እጎትታለሁ። የመጀመሪያው ጨርቅ ሬንጅ መስሎ ወጣ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አስረኛውም እንደዚያው። አያቴ እያንዳንዱን ጨርቅ ፋኖሱ ሥር ዘርግቶ ያየዋል፣ በጣቱ ያሸዋል፣ ያሸተዋል። «ይኼ ዝገት ነው» ይላል። «ይኼ ደግሞ ባሩድ ነው። ምንሽሩ ተተኩሶበት ሳይጠረግ ነው የኖረው። ዝገቱ ባሩዱ ላይ ወጥቶበታል፤ ድርብ ጠላት።» ሽርጡ በአንድ ምሽት አለቀ። በማግስቱ ሁለተኛውን ሲቀድ እናቴ አየችው፤ «አባ፣ በዚህ አያያዝዎ ለዒድ ራቁትዎን ሊሰግዱ ነው!» አለች። «አላህ ልብ ነው የሚያየው» አላትና ቀደደው።

በሁለተኛው ምሽት ማንቆርቆሪያ ሙሉ ውሃ አፈላን። ባሩድ ጋዝን አይፈራም፣ የፈላ ውሃን ግን ይፈራል አለኝ። አፈሙዙን በጨርቅ ይዞ ቀስ እያለ ሲያፈስበት ከታች ጥቁር ውሃ ወረደ፤ ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው። ከዚያ አፈሙዙን ከምድጃው ፍም በላይ እያገላበጠ፣ ደረቅ ጨርቅ ደጋግሞ እየሰደደ አደረቀው። «ጠብታ እንዳትቀር» ይላል፤ «አንዲት ጠብታ ቀረች ማለት የለፋነው ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።» ሲጨርስ ሰጠኝ። ወደ ፋኖሱ አዙሬ አየሁ። በጨለማው ማዶ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነገር ታበራለች።

«አየሁ!» ብዬ ጮኽኩ። «ኮከብ አየሁ አባዬ!»

«እስኪ ደግመሽ እዪ።»

«ወላሂ አለች!»

ሦስት ጊዜ አሳየኝ፣ ሦስት ጊዜ አስማለኝ። ከዚያ ጢሙን እየደባበሰ ብቻውን ሳቀ። ያንን ሳቅ ዛሬም እሰማዋለሁ።

ተረቱን ግን አልጨርስ አለ። በየምሽቱ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ መሃሉን ያስረዝማል፤ አንድ ቀን ቀበሮው ሦስት ወንድሞች አበቀለ፣ በሌላው ቀን ኤሊዋ ሰባት ልጆች ወለደች። ሰጎን ተመልሳ መጣች የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል፤ ጋዙ ጠጥቷል ይላል፣ ወይም ውሃው ፈላ ይላል። እኔም ተናደድኩ። «መጨረሻውን አታውቀውም አይደል?» አልኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በቁጣ አገር ይያዝልኝ ይል ነበር። ያን ቀን ግን ፍሙን ጫረ።

አራተኛው ቀን ላይ ከመዝጊያው በኩል አንድ ስንዝር ያህል አልለቅ ያለ ጥቀርሻ ቀረ። እንደ ድስት ሥር ነው። አያቴ እጁ አበጠ። ሁመድ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ከቀትር በኋላ ምንሽሩን አልጋ ሥር ትቶ፣ ደክሞት፣ አንገቱን ደፍቶ ለአስር ሶላት ወደ መስጊድ ሲሄድ አየሁትና አዘንኩለት። እውነቴን ነው፣ ያደረግኩትን ያደረግኩት ከማዘኔ ነው።

እኛ ቤት ጨው ችግር አልነበረም። ጨው የሚጭኑት ሾፌሮች እናቴ ዘንድ ቁርስ በበሉ ቁጥር ከጆንያ የፈሰሰውን ይተውላት ነበር። እናቴም የጠቆረ ድስትና ማንቆርቆሪያ በጨውና በአመድ ነበር የምትፈትገው። እየፈተገች «ጨው ያላስለቀቀው ጥቀርሻ ገና አልተወለደም» ትል ነበር። እኔ ደግሞ የእናቴን ቃል የማምን ልጅ ነኝ። በጣሳ ውሃ ሁለት እፍኝ ጨው በጠበጥኩ፤ ጨርቁን እየነከርኩ፣ ደረቅ ጨው እየጨመርኩ፣ ክንዴ እስኪዝል ፈተግኩት። ወጣ! ያ አልለቅ ያለው ጥቀርሻ እየተቀረፈ፣ እየጠቆረ ወጣ። ቡሹን አውጥቼ ሳይ ኮከቧ ጨረቃ አክላለች። ደስ አለኝ፣ ብቻዬን ጨፈርኩ። ለአባዬ ድንገት ላሳየው ብዬ ምንም ሳልናገር ጠቅልዬ አልጋው ሥር መለስኩት።

ያን ምሽት አያቴ «ዛሬ ይረፍ፤ እኔም ልረፍ» አለና አልነካውም። ተረቱን ብቻ ነገረኝ። እኔ በውስጤ እየሳቅኩ፣ ነገ ሲያይ የሚለውን እያሰብኩ አዳመጥኩት።

በማግስቱ ከመግሪብ በኋላ ጥቅሉን ፈታው። የመጀመሪያውን ደረቅ ጨርቅ ሰደደ። ጎተትኩት። ጨርቁ እንደ በርበሬ ቀልቶ ወጣ።

አያቴ አፈሙዙን ወደ ፋኖሱ አዞረ። ብዙ ቆየ። ሲያወርደው ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን በስንት ጣዕሙ።

«ወይ እርጅና!» አለ። «ውሃውን ሳላደርቅ ነው የተውኩት። ጠብታ እንዳትቀር እያልኩሽ እኔው አስቀረሁ።» እጆቹን አገላብጦ አያቸው። «ከድጃ!» ብሎ እናቴን ጠራት፤ ስትመጣም «እጄ ከዳኝ ልጄ» አላት።

መናገር ነበረብኝ። ጨው እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ የፍየሎቹ ገንዳ ቆርቆሮ ጨው የነካው ቦታ ላይ እንዴት እንደሚቀላ በየቀኑ አየዋለሁ። እሱ ግን በራሱ ፈረደ፣ እኔም ዝም አልኩ። ያን ምሽት ተረት አልነበረም። ዘንጉ ብቻ ይመላለሳል። አንድም ጊዜ ጣጠኛ አላለኝም። ከዕድሜዬ ረጅሙ ምሽት ያ ነው።

ሁመድ በማግስቱ ከአስር ሶላት በኋላ ደረሰ። በጓሮ በኩል፣ አንዲት ግመል እየጎተተ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው፤ ወገቡ ላይ ቆልማማ ጩቤው ጊሌ፣ ትከሻው ላይ በትሩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዱ የሌላውን እጅ እየሳመ፣ ስንት ጊዜ እንደተሳሳሙ አላውቅም። አያቴ አለቀሰ። እናቴ ሻይ አቅርባ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ቆመች። ስለ ምንሽሩ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ዳጉ መቅደም አለበት።

መጀመሪያ ሁመድ ተናገረ። አማርኛው አጭር አጭር ነው፤ ነገር አያስረዝምም። ሚስቱ በሰው አገር እንደሞተች፣ ሁለት ልጆች ወደብ ላይ ሥራ እንደያዙ፣ እሱ ግን አጥንቱን እዚያ ማሳረፍ እንዳልፈለገ ነገረን። አያቴ «ያየኸው ነው?» አለው። «ያየሁት ነው» አለ ሁመድ።

ከዚያ ተራው የአያቴ ሆነ። ገብቶ ምንሽሩን አመጣና ምንጣፉ ላይ አጋደመው። አልቀባጠረም። «ማልኩልህ፣ መሐላዬን በላሁ» አለ። «ቀበሌ ፈራሁ። ፍየል በረት ቀበርኩት። ስድስት ረመዳን አላወጣሁትም። መምጣትህን ስሰማ አወጣሁት፤ ድፍን ነበር። ጠረግኩት፣ ሊነጻም ደርሶ ነበር። ከዚያ ውሃ ሳላደርቅ ትቼው…»

«ውሸት ነው!»

የጮኽኩት እኔ ነኝ።

«ዘሀራ! አንቺ ባለጌ!» እናቴ ልትይዘኝ መጣች። ሁመድ እጁን አነሳ። ዳጉ ላይ ማንም አያቋርጥም፤ ግን ያቋረጠ ካለ ደግሞ ነገሩ መሰማት አለበት። ወደ እኔ ዞረ፤ እንደ ትልቅ ሰው፣ በቁም ነገር።

«ያየሽው ነው የሰማሽው?» አለኝ።

«ያደረግኩት ነው» አልኩ።

ሁሉንም ተናገርኩ። ጣሳውን፣ ሁለቱን እፍኝ፣ ጭፈራዬን፣ ዝምታዬን። አያቴ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«ጨው?» አለ።

«አዎ።»

«ጨው! ጠመንጃ ውስጥ ጨው!» ወደ ሁመድ ዞረ፣ ወደ እናቴ ዞረ። ከዚያ ያበጡትን እጆቹን አንስቶ ደግሞ አያቸው። እጆቹ አልከዱትም። ክንዴን ይዞ ጎትቶ ጭንቅላቴን ደረቱ ውስጥ ደፈቀው። «አንቺ ጣጠኛ!» አለኝ። «አንቺ የጣጣ እናት!» ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ሁመድ ምንሽሩን አንስቶ ወደምትጠልቀው ፀሐይ አዞረና አጮለቀ። አውርዶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ይመር፣ አንድ ዳጉ እኔም ቀርቶኛል» አለ። «የሄድኩ ዕለት ተኩሼበት ነበር። መንገድ ላይ። ሳልጠርግ፣ ሳልነግርህ ሰጠሁህ። ቸኩዬ ነበር። ፈርቼም ነበር።»

እኔ ልቤ ቀሎኝ ስለነበር ምላሴም ተፈታ። «አባዬ የሰጎኗን መጨረሻ አይነግረኝም» አልኩ።

«የቷ ሰጎን?»

«ተወው፣ የልጅ ነገር ነው» አለ አያቴ። ጆሮው ሳይቀር ቀላ።

ሁመድ ግን ወደ እኔ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ተረቱን ጀመርኩለት። «አንቺ! ገና ቀን ነው! ፍየሎቹ!» አለ አያቴ። አላቆምኩም። ሰጎኗን፣ እንቁላሉን፣ ቀበሮውን፣ አሸዋውን፣ ሰጎኗ ተመልሳ እስክትመጣ ድረስ ነገርኩት። ሁመድ ዳጉ እንደሚሰማ ሰው አንዴም ሳያቋርጥ ሰማ። ምን ያህሉ እንደገባው ያወቅኩት በኋላ ነው። አያቴ ምንጣፉን እያየ፣ የሰሌኑን ጫፍ በጣቱ እየፈተለ ነበር።

«ከዚያ ሰጎኗ ምን አለች?» አልኩት።

ሁመድ አሰበ። «እንቁላሉን አላየችም» አለ። «መጀመሪያ ‹ኤሊ አለች ወይ?› ብላ ጠየቀች። አለች አሏት። ‹አልሃምዱሊላህ› አለች። እንቁላል ነገም ትጥላለች። ኤሊ ከየት ታመጣለች?»

አያቴ ቀና አለ። ሁለቱ ተያዩ። እኔ በመሃላቸው ቁጭ ብዬ፣ ያ ተረት የማን ተረት እንደሆነ፣ አባዬ መጨረሻውን ለምን እንዳላወቀው፣ ያኔ እንደ መብረቅ ገባኝ ብል ውሸት ነው። የገባኝ አድጌ ነው። ያኔ የገባኝ አያቴ ፊት ላይ የሆነው ነገር ብቻ ነው፤ ስድስት ዓመት የተሸከመውን ጭነት ያራገፈ ሰው መሰለ።

«ተረቴን መልሱ» አለ በቀስታ፤ «አፌን በዳቦ አብሱ።» ያን ተረት ሲጀምር እንጂ ሲዘጋ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ከመግሪብ በኋላ ውሃ አፈላን። ጨውን የሚያወጣው ያው የፈላ ውሃ ነው፤ ማንቆርቆሪያ በማንቆርቆሪያ ላይ አወረድንበት። ሁመድ የራሱን ሽርጥ ጫፍ ቀደደ። እሱ ያፈሳል፣ አያቴ ይገፋል፣ እኔ እጎትታለሁ። ሦስት ምሽት እንደዚያ ሠራን፤ ተረቱንም ተራ በተራ አወራን። በመጨረሻ የበግ ላት አቅልጠን ቀባነው። ብርሃን ከጫፍ እስከ ጫፍ ገባ፤ ውስጡ ግን ብል እንደበላው እንጨት ጎድጓዳ ጎድጓዳ ሆኖ ቀረ። ግማሹ የስድስቱ ረመዳን ነው፣ ሌላው የሁመድ ባሩድ፣ ጥቂቱ የእኔ ጨው ነው። ሁመድ ጎድጓዳዎቹን አይቶ «ይኑሩ» አለ። በአራተኛው ቀን ማለዳ ምንሽሩን በሰሌን ጠቅልሎ ግመሉ ላይ ጭኖ ሄደ። አንድ ፍየልም ጠፍታ ነበር፤ አያቴ ቀን በተወራው ተረት አሳበበ፣ እናቴ በተከፈተው በር አሳበበች። ማታ ራሷ መጣች።

ዛሬ ሎጊያ ነው የምኖረው፤ እኔም ሻይ ቤት አለኝ። ድስት በጨው ስፈትግ እጄ ሳላስበው ይቆማል። ለልጆቼ የሰጎኗን ተረት ስነግር መጨረሻውን አላስጠብቃቸውም፤ ቶሎ እነግራቸዋለሁ፣ ማን ያውቃል ብዬ። ስለ ሰው አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍትም መጀመሪያ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ያየሁት ነው፣ የሰማሁት ነው፣ ወይስ ያደረግኩት? ሦስተኛው ነው ከባዱ።

አያቴ የሞተው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ለሁመድ ማንም መልእክት አልላከለትም። በሦስተኛው ቀን ግን በዚያው በጓሮ በኩል መጣ፤ አርጅቶ፣ ግመሉን የሚጎትትለት ሰው ይዞ። ሴቶቹን አልፎ እኔ ዘንድ መጣና መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔም ቁጭ አልኩ። እንዴት እንደታመመ፣ ስንት ቀን እንደተኛ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሄደ አንድ በአንድ ነገርኩት። አላቋረጠኝም።

«ያየሽው ነው የሰማሽው?» አለኝ።

«ያየሁት ነው። እጁን ይዤው ነበር።»

«መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

«ውሃ በአፉ ሳደርግለት ደረቱ ላይ ፈሰሰብኝ። ‹አንቺ ጣጠኛ› አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።»

ሁመድ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። በትሩን ተደግፎ ተነሳ። አዳይቱ ድረስ በመንገዱ ላይ ዳጉውን የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉ ነገረኝ፤ አያቴን በዚያ መንገድ የማያውቅ አልነበረም።

«እንዳለ አደርሰዋለሁ» አለኝ። ከዚያ አንድ ጣቱን አነሳ፣ ልክ እንደ አባዬ። «አንድ ፍሬ ሳላጎድል።»